ሁለት ላኪልኝ፣ አንዷን ለመለዋወጫ

የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆ ወልድያ ውስጥ አንዲት የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ሱቋ ሁለት ሰው ከያዘች ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ናት። ባለቤቷ ስድስት ዓመት ጅዳ ስልክ ሲጠግን ኖሮ የተመለሰ፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሰው ነው። ከበሩ ሥር እማማ ጀበናቸውን ይጥዳሉ፤ ሱቁና ቡናው አንድ ጣራና አንድ ጨዋታ ይጋራሉ። ረፋዱ ላይ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ከመርሳ በሚኒባስ መጥቶ ገባ። የተበላሸ ነገር አልያዘም። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ረፋድ ጨዋታ ነው፤ የጨመርኩት ትንሽ፣ የቀነስኩት ብዙ ነው።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ስልክ ላሠራ አይደለም የመጣሁት። ምክር ፈልጌ ነው።

ጠጋኙ፦ ምክር ከሆነማ ነፃ ነው። ግባ፣ ያችን በርጩማ ሳብ አድርጋት።

ልጁ፦ ታላቅ እህቴ ጅዳ ናት። በሚመጣው ወር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከዚያ ትመለሳለች። «በሷ በኩል ዕቃ እልክልሃለሁ፣ የምትወደውን ንገረኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የምወደው በሪሞት የምትበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። እስቲ ይችን ይዩልኝ።

ጠጋኙ፦ (ስልኩን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ) ወላሂ ታምራለች። ተገልብጣ የምትበረው ናት አይደል?

ልጁ፦ አዎ! ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ቀጥ ትላለች። ቪዲዮዋን ሳይ ነው ያደርኩት።

ጠጋኙ፦ የሚያበራትን ሰውዬ እጅ አየኸው?

ልጁ፦ እጁንማ አላሳዩም።

ጠጋኙ፦ ማየት የነበረብህ እሱን ነበር። የዚህች ክንፍ ፍጥነቱን ብዙ ሳይለውጥ ዘንበል ቀና እያለ ነው የሚያወጣትም የሚያወርዳትም። የሪሞቱን ዱላ በጣትህ ገፋ ስታደርገው ጣራ ትመታለች፤ መለስ ስታደርገው ራሷን መሬት ላይ ትለጥፋለች። ሰውዬው ያን ጣት ያገኘው ስንት ክንፍ ሰብሮ መሰለህ። ዋጋዋስ?

ልጁ፦ ከመቶ ዶላር ትንሽ ያልፋል።

እማማ፦ መቶ ዶላር! በብር ስንት ነው እሱ?

ጠጋኙ፦ ይተዉት እማማ፣ ቡናው ይገነፍልብዎታል።

እማማ፦ ልጅቱ የሰው ቤት ጠርጋ ባገኘችው?

ልጁ አንገቱን ደፋ። እማማ እንዳሳፈሩት ገብቷቸው የቆሎውን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረጉ።

ጠጋኙ፦ ቀና በል። መመኘት ነውር የለበትም። የመጀመሪያዋን የሚመርጥ ሰው ግን ገና ስትነሳ ሳይሆን ስትወድቅ ያለውን ማሰብ አለበት። ምኗ ይሰበራል? የተሰበረው ይገኛል? ማን ይገጥመዋል? ትወድቃለች እኮ። ዛሬ ባትወድቅ ነገ ትወድቃለች።

እኔ፦ ጣልቃ ልግባ። አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ፣ በ1878 እ.ኤ.አ.፣ አባታቸው ከመንገድ ሲመለስ የመጫወቻ ሄሊኮፕተር አምጥቶላቸው ነበር። ቡሽ፣ ቀርከሃና ወረቀት ናት፤ የሚያሽከረክራት የተጠመዘዘ ላስቲክ ነው። ተጫውተው ተጫውተው ሰበሯት። ከዚያ እሷን እያስመሰሉ ሌላ ሠሩ።

ጠጋኙ፦ አየህ? የመቶ ዶላር ብትሆን ኖሮ አባትየው ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሎ «እንዳትነኳት» ይል ነበር።

ልጁ፦ የኛው አስመላሽ ዘፈሩስ? ዩቲዩብ እያየ አይደል እንዴ አውሮፕላን የሠራው?

ጠጋኙ፦ አዎ፣ ኬ-570ኤ ነው ያላት። 570ው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሠርቶ ለመጨረስ የፈጀበት ቀን ነው። አንተ ገና አንድ ሌሊት ነው ያየኸው፤ 569 ይቀርሃል።

እማማ ሳቁ። ልጁም ሳቀ። አቦሉ ተቀዳ። ጠጋኙ የኔን ስልክ ወደ ጎን አድርጎ ጠረጴዛውን ጠረገ፤ ስልኬ ዛሬ እንደማይደርስ ያኔ ገባኝ።

ጠጋኙ፦ ግድግዳ የሚበሳ ድሪል ይዘህ ታውቃለህ?

ልጁ፦ አጎቴ ጋ፣ አንድ ጊዜ።

ጠጋኙ፦ መብሻው ሲነክስ እጅህን አይጠመዝዘውም? ሄሊኮፕተርም እንደዚያ ናት። ክንፏ ወደ ቀኝ ሲዞር ገላዋ ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል። መላው ሁለት ነው። አንዱ ጅራቷ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ገጥሞ በጎን እንድትገፋ ማድረግ ነው፤ ሰማይ ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ሌላው ሁለት ክንፍ አንዱን ካንዱ በላይ ደርቦ በተቃራኒ ማዞር ነው። አንዱ የጠመዘዘውን ሌላው ይመልሰዋል። የሩሲያዎቹ ካሞቭ የተሠሩት በዚህ ነው። ለጀማሪ ባለ ድርቧ ናት የምትሻለው።

ልጁ፦ ለምን? ሁለት ክንፍ ማለት ሁለት የሚሰበር ነገር ማለት አይደል?

ጠጋኙ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ነው። ይሰበራል። ግን ከክንፏ በላይ እንደ ሚዛን የሆነች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ ክብደት ያለባት ዘንግ አለቻት። ገላዋ ሲያጋድል ዘንጓ በያዘችው መዞር ስለምትፈልግ ክንፉን ታቃናዋለች። አንተ ደንግጠህ ጣትህ ቢደርቅ እሷ ራሷን ትይዛለች። ያችኛዋ የመቶ ዶላሯ ግን አንተ ካላሰብክላት አታስብልህም።

ልጁ፦ ክፍላችን ውስጥ የሚያውቁ ልጆች አሉ። ባለ ድርቧን «የሕፃን መጫወቻ» ይሏታል።

ጠጋኙ፦ በዚህ ነገር አንተስ ሕፃን አይደለህ? ባጃጅ የለመደ ሁሉ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ነው ያዞረው።

ልጁ፦ ቻናል የሚሉትስ? ባለ ሁለት ቻናል፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት።

ጠጋኙ፦ እሱ የትእዛዝህ ብዛት ነው። ባለ ሁለቷ ትወጣለች ትወርዳለች፣ ትዞራለች፤ በቃ። ሲልቨርሊት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣት ፒኮ ዚ እንደዚያ ነበረች። ወደ ፊት ትሂድ አትሂድ የሷ ፈቃድ ነው። ባለ ሦስቷ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጨመራል። ሲማ ኤስ107 የሚሏት እሷ ናት፤ ቻይና የሠራት፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ውስጧ ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ጋይሮ ያለባት፣ አጥንቷ ብረት። ዋጋዋ ሃያ ዶላር ገደማ ነው። ባለ አራቷ ወደ ጎንም ትሄዳለች። ደብሊው ኤል ቶይስ ቪ911 ባለ አራት ናት፤ ክንፏ አንድ፣ ጅራቷ ላይ ማራገቢያ። ሁለተኛ ክፍልህ እሷ ትሁን።

ልጁ፦ አሁን ደግሞ ከፍታዋን ራሷ የምትጠብቅ መጥታለች። እጅ ለቀቅ ቢያደርጉ ባለችበት ትቆማለች።

ጠጋኙ፦ አለች፣ መጥፎ አይደለችም። የአየሩን ግፊት እየለካች ነው የምትቆመው። ታዲያ ቤት ውስጥ ሆነህ አንድ ሰው በሩን ወርወር ሲያደርገው እሷም ትደናገጣለች፤ ከፍ ዝቅ ትላለች። ደግሞ ማረፍን ከሷ አትማርም። በጣትህ ይዘህ ቀስ አድርጎ ማውረድን ከተማርክ የትኛዋም አታስቸግርህም።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ማንም ምንም አላለም። ጠጋኙ ባትሪውን አብርቶ በጥርሱ ያዘ፤ ወዲያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው፤ በጥርስ ይዞ ማውራት አይቻልማ።

ጠጋኙ፦ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይሄን ቪዲዮ ላይ አታገኘውም። ጅዳ ሳለሁ ሲማዋ ነበረችኝ። ማታ ከሥራ ስንገባ አምስት ሆነን በምንኖርባት ክፍል እየተፈራረቅን እናበራት ነበር። ስመጣ ይዣት መጣሁ። ወልድያ ላይ ሳስነሳት ሰነፈችብኝ። እስከ ወገቤ ትወጣና ትንጠለጠላለች። ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው ናት። ማርሿን ቀባሁ፤ ያው ናት። በኋላ ነው የገባኝ። ጅዳ የባሕር ጠረፍ ነው። ወልድያ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚገፋው አየር ነው። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል።

ልጁ፦ መርሳስ?

ጠጋኙ፦ መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ትንሽ ይሻላችኋል። ሙቀታችሁ ግን አየሩን መልሶ ያሳሳዋል። በማንጎ ትበልጡናላችሁ፣ በአየር ብዙ አትኩራሩብን።

ልጁ፦ ማርስ ላይስ እንዴት በረረች? ኢንጀኒዩቲን ማለቴ ነው። እዚያ እኮ አየሩ የመሬትን አንድ በመቶ ያህል ነው።

እኔ፦ ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ነው የተነሳችው። 1.8 ኪሎ ናት፤ ክንፏ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ 1.2 ሜትር ነው። በደቂቃ ወደ 2,400 ጊዜ እያሽከረከሩት ነው ያነሷት።

ጠጋኙ፦ ክንፏ ስንት ነው? አንድ ነው ሁለት?

ልጁ፦ ሁለት። ድርብ!

ጠጋኙ፦ (እግሩን በእጁ መትቶ) አላልኩህም? የሕፃን መጫወቻ ይሏታል ደግሞ! አሁንስ አለች?

ልጁ፦ 72 ጊዜ በርራ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስታርፍ ክንፏ ተጎዳና ቆመች።

ጠጋኙ፦ መለዋወጫ የምትልክላት እህት የላትማ።

ይሄን ያለው ቀልዶ ነው። ልጁ ግን ከሱ በላይ ሳቀበት፤ ከገባ ጀምሮ የተሸበበው ትከሻው ላላ አለ። እኔ ደግሞ የሰውየውን ምክር ከዚህ በኋላ በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። የመጫወቻ ምርጫ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ነገር ከጅዳ ወደ ወልድያ እየተረጎመ ነው። የውጭ ሰው የሚጽፈው የአጠቃቀም መመሪያ የሚታሰበው ለባሕር ጠረፍ አየር፣ ለማያቋርጥ መብራትና ዕቃ በሦስት ቀን ለሚደርስበት አገር ነው።

ልጁ፦ እሺ፣ የት ላብራት? ስታዲየሙ ሜዳ ላይ አስቤ ነበር። የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አላሙዲ ስታዲየም።

ጠጋኙ፦ ለ25 ሺህ ተመልካች በተሠራ ስታዲየም? ከአንድ እንቁላል የምትቀል ዕቃ ይዘህ? ነፋሱ ወደ ሐራ ይዟት ይሄዳል! ይቺ ባለ ድርቧ የነፋስ ጠላት ናት፤ መጋረጃ የሚያወዛውዝ ነፋስ ይበቃታል። ከሰዓት ደግሞ ከተራራው የሚወርደውን ታውቀዋለህ። ሌላም አለ። ሲማዋ የምትታዘዘው እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ትደነቁራለች። ቪ911 በሬዲዮ ስለሆነ ፀሐይ አይከለክላትም፣ ነፋሱ ግን እሷንም አይምራትም። ቤት ውስጥ ነው። ሳሎናችሁ ምን ያህል ነው?

ልጁ፦ አራት በአራት ይሆናል። ግን አልጋም እዚያው አለ፣ አጎበር የተሰቀለበት።

ጠጋኙ፦ አጎበሩን ጠቅልለህ እሰረው! ክንፏ እሱ ውስጥ የገባ ለት በመቀስ ነው የምታወጣት፣ እናትህም አንተን ያስወጡሃል። መጋረጃውን ሰብስብ፣ ማራገቢያ ካለ አጥፋ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፍ።

እማማ፦ እኔ የምለው አለኝ።

ጠጋኙ፦ ይበሉ እማማ።

እማማ፦ ውጭ አታብራት የሚልህ ነፋሱን ብሎ ብቻ አይደለም። ንገረው እንጂ፣ ምን ሆንክ?

ጠጋኙ ዝም አለ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ያልቆሸሸ መነጽር ነው።

ጠጋኙ፦ ሲማዋን ይዣት የመጣሁ ሰሞን ግቢ ውስጥ አስነሳኋት። ጠዋት ነው፣ ነፋስ የለም። ድምጿ ትንሽ ናት፣ ንብ ታህላለች። አንዲት ጎረቤቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። ቀና ሳትል፣ ምን እንደሆነ ሳታይ፣ በዚያው በሊጥ እጇ ልጇን አንስታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። እኔ ሪሞቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እማማ፦ በጦርነቱ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ወልድያም መርሳም ያየነውን አይተናል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሰማዩ መች አረፈና። እኔ በ77 ድርቅ ደጋ ላይ እህል ከአውሮፕላን ሲጣል አይቻለሁ፤ ያኔ ድምፁን የሰማ ወደ ሜዳ ነበር የሚሮጠው። በ2013 ጥቅምት አንበጣው ሀብሩንና ራያን ሲግጥ «ምነው መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን በመጣ» ስንል ነበር። አሁን ድምፅ የሰማ ወደ ቤት ይሮጣል። በአንድ ዕድሜ ሦስት ዓይነት ሰማይ አየሁ።

ጥቂት ዝም ተባለ። ልጁ የሲኒውን ጆሮ በአውራ ጣቱ ሲያሽ ቆየና ተናገረ።

ልጁ፦ ለኔ ብቻ አይደለም የፈለግኳት።

ጠጋኙ፦ ለማን ነው?

ልጁ፦ ታናሽ ወንድም አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። የሚያጉረመርም ነገር ከሰማ አልጋ ሥር ይገባል። የወፍጮ ቤት ሞተር እንኳ ሲነሳ። እኔ ያሰብኩት… በእጁ ቢይዛት፣ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ቢያይ፣ ራሱ ሲያጠፋት ዝም ስትል ቢያይ… እንጃ። ትልቋንም የፈለግኩት እንዲደነቅ ብዬ ነው።

እማማ፦ የኔ ጌታ።

ጠጋኙ፦ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባላለፋሁህ። ትልቋ ለዚያ አትሆንም። ክንፏ ፈጣን ነው፣ ጣት ይቆርጣል፣ ድምጿም ይጮኻል። የሲማዋ ክንፍ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ሲነካህ ይታጠፋል። ቢሆንም ከፊታችሁ ራቅ አድርጓት፤ ዓይን ዓይን ነው።

እማማ፦ እንዳታስገድደው። መጀመሪያ ሳትበር ያንሳት፣ ያገላብጣት። ክንፏን በጣቱ ያዙራት። በሌላ ቀን አንተ ሩቅ ሆነህ ትንሽ አስነሳት። ሪሞቱን ራሱ «ስጠኝ» ሲልህ ነው የምትሰጠው።

ጠጋኙ፦ ለጎረቤትም ቀድመህ ንገር። ጠርተህ አሳያቸው፣ ይንኳት። ውጭ ግን አይሆንም፤ እንኳን ሰፈሩ፣ የሚጠብቀውም ሰው ምን እንደሆነች በምን ያውቃል? ካሜራ ያላትን ደግሞ ጨርሶ እንዳትልክ ንገራት። ካሜራ ያለው የሚበር ነገር ድሮን ነው የሚባለው፤ ያ ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቅበታል። ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል፣ ያመጣችው ልጅም ስትመላለስ ትከርማለች። በአደራ ዕቃ ሰው አይጉላላም።

ልጁ፦ ካሜራ አይኑራት እላታለሁ።

ጠጋኙ፦ ባትሪዋንም ንገራት። ሊቲየም ነው። ትርፍ ባትሪ ከተላከ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ በሚጫን ሻንጣ አይሆንም፤ የአውሮፕላን ሕግ ነው። (መሳቢያውን ከፍቶ እንደ አምባሻ የተነፋ የስልክ ባትሪ አወጣ) ይሄ ምንድን ነው?

ልጁ፦ ያበጠ ባትሪ።

ጠጋኙ፦ የሄሊኮፕተሯም ወንድሙ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል፤ ከ3 በታች ከወረደ ይሞታል፣ ወይም እንዲህ ያብጣል። ያበጠ አይቻርጅም፣ አይበሳም፣ ከልጅ ይራቅ። ማታ ሰክተህ አትተኛ። መብራታችሁ እንደኛው ሄድ መለስ ካለ በፓወር ባንክ ቻርጅ አድርጋት፤ የዩኤስቢ ገመድ አላት። ከሪሞቱም መቻርጅ ትችላለች፣ ግን ሪሞቱ ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል፤ በሱ ቻርጅ ካደረግክ የኪስ ገንዘብህ ለድንጋይ ያልቃል።

ልጁ፦ አንዴ ከሞላች ስንት ሰዓት ትበራለች?

ጠጋኙ፦ ሰዓት? ሰባት ስምንት ደቂቃ። እዚህ ደግሞ ከዚያ ይቀነስ። ከዚያ አርባ ሃምሳ ደቂቃ ትቻርጃለች።

ልጁ፦ ስምንት ደቂቃ ብቻ!

ጠጋኙ፦ ስምንት ደቂቃ ተጨንቀህ ሪሞት ይዘህ ስትቆም ነው ርዝመቱ የሚገባህ። ዲናሞዎቿም ማረፍ ይፈልጋሉ፤ እንደ ፍሬ ትናንሽ ናቸው፣ ይግላሉ። እሷ ስታርፍ አንተ ክንፏን ትፈትሻለህ፣ ፀጉር ዘንጓ ላይ እንዳልተጠመጠመ ታያለህ።

ልጁ፦ መጀመሪያ ስይዛት ምን ላድርግ?

ጠጋኙ፦ ጅራቷ ወዳንተ ይሁን። ሁልጊዜ። ፊቷን ወዳንተ ስታዞር ቀኟ ግራህ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው እጅ እንደሚዛወረው። ጀማሪ የሚሰብረው እዚያ ላይ ነው። ከጉልበትህ በታች አትንሳፈፍ፤ ወለል አጠገብ የራሷ ነፋስ ያንገላታታል። ከፍ አድርገህ፣ ደረትህ ላይ አቁማት። ማቆም ብቻ። ወደየትም አትሂድ። አሥር ባትሪ እስክትጨርስ ማቆምና ማሳረፍ ነው ሥራህ። ስትዞርብህ ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትሪም ቀስ እያልክ ንካ። ግድግዳ ልትመታ ስትል ደግሞ ለማዳን አትታገል፤ መጀመሪያ ጋዙን ልቀቅ። ክንፏ ተይዞ ዲናሞው ሲታገል ነው የሚቃጠለው፣ የማርሹም ጥርስ የሚረግፈው። እየዞረች ከመምታት ቆማ መውደቅ ይሻላታል።

እማማ፦ ቶና ደረሰ።

ልጁ፦ ክንፏ ከተሰበረስ? አዲስ አበባ መርካቶ ይገኛል?

ጠጋኙ፦ ዕድልህ ነው። አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል፤ ለሦስት ግራም ፕላስቲክ 520 ኪሎ ሜትር ሰው አትልክም። ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? የመቶ ዶላሯን ትተህ ሁለት ሲማ አንድ ዓይነት ታስልካለህ። አንዷ ትበራለች፣ አንዷ ካርቶኗ ውስጥ ትቀመጣለች። የዚያችኛዋ ክንፍ ሲሰበር ከዚችኛዋ ትወስዳለህ፣ ዲናሞዋ ሲቃጠል ከዚችኛዋ ትወስዳለህ። እኔ የተሰበረ ስልክ የማልጥለው ለምን መሰለህ? ያ ሁሉ መሳቢያ የሞቱ ስልኮች ነው፤ በነሱ ሕይወት ነው የሰው ስልክ የሚድን። ሁለቱ ተደምረው ከዚያች አንዷ ግማሽ በታች ናቸው።

ልጁ፦ የምገጥመው እኔ ነኝ ማለት ነው?

ጠጋኙ፦ ታዲያ ማን? ስትሰበር አምጣት፤ እኔ ግን አልነካትም። እዚህ ትቀመጣለህ፣ መበየጃውን እሰጥሃለሁ፣ አያለሁ። የክንፏ ብሎን አንድ ነገር አለው፤ አጥብቀህ እንዳታስረው። ክንፉ በራሱ ክብደት ዘንበል እስኪል ድረስ ላላ ይበል፣ ሲዞር ራሱ ይስተካከላል። ይሄን የማያውቅ ሰው አጥብቆ ያስርና «ተበላሸች፣ ትንቀጠቀጣለች» ብሎ ይጥላታል። ጅዳ ከቆሻሻ ላይ አንስቼ ሁለት እንደዚያ አድኛለሁ።

እኔ፦ የኔንስ ስልክ መቼ ነው የምታድነው?

ጠጋኙ፦ መብራት ሲመጣ ወንድሜ። አንተ ደግሞ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ የድምፅ መልእክት ያዘ። ሲጀምር እየተንተባተበ ነበር፤ ኋላ ግን ቀጥ አለ። «እቴ፣ እንዴት አደርሽ። የላኩልሽን ፎቶ ተይው፣ ሰርዢው። ሲማ ኤስ107 የሚሏት አለች፣ ርካሽ ናት። ካሜራ የሌላት መሆኗን እዪ። ሁለት ላኪልኝ፣ አንዷን ለመለዋወጫ። ትርፍ ባትሪ ካለ በእጅ ቦርሳ ትያዘው በያት። በተረፈው ገንዘብ ለራስሽ የሆነ ነገር ግዢበት።» የመጨረሻዋን ማንም አልመከረውም። እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሥራ ላይ ትሆናለች ብለን መልስ አልጠበቅንም። በረካው እየተቀዳ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን፤ ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ እየቸኮለች ነው። «እሺ የኔ ወንድም። ሱቁ ውስጥ አይቻታለሁ፤ ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ። ቀለሙ ምን ይሁን?»

ልጁ ወደ ጠጋኙ ዞረ።

ጠጋኙ፦ ቢጫ ጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ ጎልታ ትታያለች፣ ፊትና ኋላዋን ትለያለህ።

እማማ፦ እናንተን ማን ጠየቃችሁ? ደውልና ትንሹን ጠይቀው።